ውሃ በአፍ

ነሐሴ አሥራ አንድ፣ ከአቃቂ በታች፣ ከቀለም ፋብሪካው በኋላ፣
ወንዙ የእግር ድልድዩን ሌሊቱን ነቅሎ፣ የጎመን ማሳውን በጭቃ ሲሞላ፣
ማዶ ሰባት ቤት ቀረ። አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ የስኳር በሽተኛ፤
ከወዲህ እኛ ነን፣ የወጣት ማኅበር፤ መሪው እኔ፣ ምላሴ የማይተኛ።

አሥር በርሜል፣ ስድስት አጣና፣ አሮጌ ጎማ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፤
ታንኳ ሠራንና ባንዲራ ሰቀልን፤ ፎቶ ተነሣን ገና ሳንራመድ።
«ተሻገርን» ብዬ ለወረዳው ጻፍኩኝ፣
ጣቴ ከእግሬ ቀድሞ፣ ገና ሳልርስ ደረቅ ነኝ።

ያኔ ነው ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ የመጡት፣
የጥንት ባሕረኛ፣ የዛሬ የወፍጮ ቤት ዘበኛ፤
በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣
በሌላው፣ ክንድ በክንድ ምስማር የተመታበት ዘንግ።
ሰላምም አላሉን። ዘንጉን ሰደዱ፣ አዩ፣ አወጡ።
«ጥልቀቱን ማን ለካው?»
ዝም።
«የትናንቱን አይደለም፣ የዛሬውን።»
ዝም።
«ማዶ የምትይዙት ዳር ድንጋይ ነው ጭቃ?»
አንዱ ከኋላ ሳቀ፦ «ሽማግሌው ቀይ ባሕር መሰላቸው!»
«ወንዙ ቢበረታ፣ ‹ይቅር፣ ተመለሱ› የሚለው ማነው? ስሙን ንገሩኝ።»
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።
እኔ ወደ ባንዲራው።

ካፊያው ሲያባራ በርሜል ላይ ተቀመጡ፦

«ደሴት ነበረች፤ ስሟን አልነግራችሁም።
ካርታው ላይ ሰማያዊ የነበረው ሲነጋ ድንጋይ ሆነ።
አዛዡ ደፋር ነው፤ ክፉም አልነበረ፤
ቀዩን ቀስት ከባሕር ወደ ምድር ሲያሰምር እጁ አልተንቀጠቀጠም።
የድሉ ቴሌግራም ማታውኑ ተጽፎ አደረ፣
ሰዓቱ ብቻ ክፍት።
የሚጠጣው ውሃ በሁለተኛው ጀልባ፣ ጥይቱ በሦስተኛው፤
ሬዲዮው በአንዱ፣ ባትሪው በሌላው።
ሁለተኛው አልደረሰም።
ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረን አለት ላይ ተቀመጥን፤
ባሕሩ ወደ ኋላው ሸሽቷል።
ልጆቹ ከነትጥቃቸው ዘለሉ፣
አንዱ እስከ ጉልበቱ፣ አንዱ ከራሱ በላይ።
ከመርከቡ መብራት ብልጭ ይላል፦ ‹ግፋ!› ‹ግፋ!›
‹ተመለስ› ለሚለው ምልክት አልተማርንም።

ተረፍኩ። አርባ ዓመት አዛዡን ረገምኩ፣ ካርታውን ረገምኩ።»

ዘንጉን አቀፉት። ድምፃቸው ወረደ።

«አንድ ነገር ግን ለማንም አላወራሁም።
ዋዜማውን ዓሊ ሁመድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ
ሲጋራ ፍለጋ መጥቶ፣ ‹በዚያ ሰዓት ባሕሩ ቤቱ የለም› ብሎኝ ነበር።
ገባኝ። ወደ አዛዡ ክፍል ሄድኩ፤
ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ተመለስኩ።
እኔ ማን ነኝና?
ውሃ በአፉ የያዘ አይናገርም፤
ያን ሌሊት ባሕሩ የጎደለው
ወደ እኔ አፍ ገብቶ ነው።»

ተነሡ። «ባዶውን ላኩት። ወይ ሽንኩርት ጫኑበት።»

አራት ኩንታል ጫንን፣ የኦቦ ቱፋን፤ እሳቸው እያጉረመረሙ።
ገመዱን ከሁለት ባሕር ዛፍ አሰርን።
መሐል ሲደርስ ታንኳው እንደ ሰካራም ዞረ፣ አንገቱን ደፋ፤
መጀመሪያ የሄደው ባንዲራው ነው።
ሽንኩርቱ ቀይ ቀይ እያለ ወደ አባ ሳሙኤል ወረደ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
ያን ቀን ማንም አልሳቀ።

ለወረዳው ጻፍኩ፦ «አልተሻገርንም።»
ከባድ ቃል ነው፤ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ዳር የቆመች ጎመን ሻጭ ነበረች፣ አያንቱ፣
ማዶ ተወልዳ ያደገች።
«ከላይ፣ ከአሮጌው የባቡር ምሰሶ ሥር፣ ወንዙ ይሰፋል፣ ይሳሳል» አለች።
«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»
«ማን ጠየቀኝ?»

ነፍሰ ጡሯ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሻገረች፣
በጀርባ፣ ውሃው እስከ ወገብ።
እልል ሲባል ሃምሳ አለቃው ዞር አላሉም፤
ዘንጋቸው ገና ወንዙ ውስጥ ነው፤
የደረሰበትን ምስማር እየቆጠሩ
ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ደግመው፣ ደግመው፣
ማንም ሳይጠይቃቸው።