የትርፌ ሒሳብ

ሰንጋ ተራ፣ ከመስታወት ፎቆቹ ግርጌ፣
ቅፅ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ሴት ነጋዴ ፈልጌ።
ለመመረቂያዬ ነው፣ የሃያ ጥያቄ መጠይቅ፤
«ሴት ከወንድ ይልቅ
ዲጂታል ባንክ ትፈራ እንደሁ» ዞሮ ዞሮ የሚጠይቅ።

ትርፌ ከባንኩ በር ማዶ፣
የፎቁ ጥላ እግሯ ሥር ሲደርስ ተራምዶ፣
ሳንቡሳ በባልዲ፣ ሚጥሚጣ በብልቃጥ፣
ዓይኗ ደረጃው ላይ፣ የምሳ ሰዓት ገበያ እንዳያመልጥ።

«በራስዎ ስልክ ገንዘብ ይቀበላሉ?»
«አይ።»
«አይ» ላይ በቢክ ጫንኩበት።
«ምክንያት፦ ሀ፣ አላምነውም። ለ፣ አላውቅበትም።
ሐ፣ ስልኬ አይችልም። መ፣ አያስፈልገኝም።»
ሳቀች። «ሠ የለውም?

እዪ የኔ እህት፣ እኔም ፊደል ቆጥሬያለሁ፤
የነዚህን ባለ ክራቫቶች ስንቱን ድምር አርሜያለሁ።
ብር አይዙም እኮ፤ ‹ቁጥርሽን› ነው የሚሉኝ።
የባሌን ጻፍኩላቸው፣ በካርቶን፣ ይኸው፤
ሳንቡሳው ከእጄ ሲወጣ፣ አውቶቢስ ተራ ኪሱ ውስጥ ‹ጢው!›
ማታ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
‹ዛሬ አርባ ሁለት ሸጠሻል› ይለኛል፤ ከኔ ቀድሞ ሲያውቅ!
ድሮ መቀነቴ ላይ ስቋጥር
መቀነት አይጮኽም ነበር።

ክፉ ሰው አይደለም አበጋዝ፤ አይመታኝ፣ አይሰድበኝ፤
ብቻ ለናቴ መድኃኒት ሁለት መቶ ስለው፣ ‹ለምኑ ነው?› አለኝ።
ስሜ ትርፌ ነው፤ ትርፌ ግን በሰው ስም የሚያድር፤
የትኛው ሳጥን ላይ ይሆን ይሄ የሚሰፍር?»

ሳጥን አጣሁለት።
ለምሳ ወጡ፤ ተጋፉ፤ ባልዲው ጎደለ፤
ካርቶኑ ላይ ስንት ስልክ ተደቀነ፣ ተነቀለ።

ጭር ሲል፣ ከባልዲው ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ
ስልክ አወጣች፣ ጥጉ የተሰነጠቀ።
«ሲሙን ትናንት በፋይዳዬ አወጣሁት፣ በስሜ።
የምስጢር ቁጥሩ አራት ነው አሉኝ፤
የሰርጋችንን ዓመት አላደረግሁም። የልጆቼንም። ያውቀዋላ!
አንድ ነገር ብቻ አሳዪኝ፦
ድምፁን እንዴት ነው የሚያጠፉት?»

አማካሪዬ «ጥናቱ ውስጥ እጅሽን አታስገቢ» ብሎኛል።
አስገባሁ።
ካርቶኑን ገለበጠችው፤ አዲሱን ቁጥር ጻፈች፣ በኔው ቢክ፣
ሰባቱ እንደ ከዘራ ጎብጦ።
የመጀመሪያዋ ከፋይ እኔ፤ ሁለት ሳንቡሳ፣ አርባ ብር።
ስልኳ አልጮኸም።
ብልጭ አለ፣ በቃ።

ቅፄ ላይ ግን «አይ» እንዳለ ነው።
ቢክ በላጲስ አይጠፋ፤
የሳንቡሳው ዘይት ብቻ ዳር ዳሩን አወዛው።