ብሎክ መቶ አስራ ስምንት

መምህር ዘርጋው የሰጡን፣ ጥጉ የተቀደደ ወረቀት፣
ሠንጠረዡ ማለቴ ነው፣ ለጥፌዋለሁ ከጥበቃ ቤት፤
ማታ ፈረቃ ስገባ ባትሪ አበራበታለሁ፣
ቅዳሜ ፈተና አለብኝ፣ ንጥረ ነገር እቆጥራለሁ።

ቀና ስል ደግሞ ብሎኩ፣ ፎቅ በፎቅ፣ መስኮት በመስኮት፣
ቁጥሩ እንኳ መቶ አስራ ስምንት።
ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ቀኝ ዳር፣ ኒዮን ናቸው አቶ ስንሻው፤
ጨው አያበድሩ፣ አይበደሩ፣ ሰላምታም ልባቸው አይሻው።

“ወደ ታች ስትወርዱ ግን” ብለው ነበር መምህሩ፣
“አቶሙ እየሰፋ ሄዶ፣ ከመሀሉ ይርቃል ዳሩ፤
ዳር ላይ ያለች ኤሌክትሮን ያዥ ይላላባታል፣
የመጣ ሁሉ ይወስዳታል።”

ይሄን ሳላጠና ገባኝ።
ከካዛንቺስ ተነስተን ኮዬ ፈጬ ወረድን፤
ዓመት ሳይሞላን፣ ውዴነሽን፣
የሐዋሳ ፋብሪካ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፍቶ ወሰዳት።
የምይዝበት ጉልበት አጣሁ። ቦርሳዋን አቀበልኳት።

ሃይድሮጅን ብቻ አልገባኝ፤
ከብረቶች ራስጌ ሰቅለውት፣ ብረት አይደል፣ ዘመድ አይመስል።
ብጠይቅ፣ “ቦታው ያከራክራል” አሉ መምህሩ፤ ጠመኔያቸውን አራገፉ።

ባትሪዬን አጠፋሁ።
መቶ አስራ ስምንት ተኝቷል፤
እኔ ከበሩ ነኝ።