ኮከብ ያለበት ቁጥር

ማሽኑ ኮከብ ያትማል፣ ከልኩ ላለፈ ቁጥር፤
ትንሽ ጥቁር ኮከብ፣ ከአሃዙ ጎን የምትሰፍር።
እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም። ደም ነው የምቀዳ፣
ስም ለጥፌ፣ አሽከርክሬ፣ ወረቀት የምሰጥ ለእንግዳ፤
ፓይሳንዱ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስት ወንበር ባለው ክፍል፣
መስኮት ሲከፈት ቄራ ቄራ፣ ሲዘጋ አልኮል አልኮል።

ኤበር ቤንታንኩር መጣ፣ የከብት መኪና ሹፌር።
አምና ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ነበር የሚታሰር፤
ዘንድሮ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቶበታል።
«ሱልማ፣ ዳቦን ፈታኋት» ይላል፣ እንደ ሚስት ያወራታል።
«ፓስታውንም፣ ድንቹንም፣ የልጄን የሠርግ ኬክ እንኳ።
ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅጠል። ሰው ያለ ዳቦ ያድራል ለካ!»

አምናን አስታውሳለሁ። ደሙን አሽከርክሬ ሳወጣው
ከላይ የጠለለው ውሃ ወተት ነበር የሚመስለው፤
ድፍርስ፣ ብርሃን የማያሳልፍ።
ዘንድሮ ቱቦውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ባሳየው
የገለባ ቀለም፣ ጥርት ያለ፤ ማዶ ጣቴን የማየው።
ስኳሩ ወርዷል። በደሙ የሚዞረው ስብ ወርዷል።
ደጉ የሚባለው ኮሌስትሮል እንደ አቅሙ ከፍ ብሏል።
ያ ሌላኛው ግን፣ «ክፉ» ብለን ስም ያወጣንለት፣
ሁለት መቶ አርባ አንድ።
ኮከብ አለበት።

«ምን ማለት ነው?»
መፍታት አልተፈቀደልኝም፤ ዶክተር ኢራሳባል ይናገር።
ዶክተሩ ደግሞ አንድ ቃል አለው፦ እንክብል። ሌላ አይጨምር።

ሌሊት ግን «ልክ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።
ይህ ልክ የተለካው በማን ገላ?
ጠዋት ዳቦ፣ ቀትር ፓስታ፣ ማታ ብስኩት በሚበላ።
ለዚያ ሰው የተሰፋ ኮት የዚህን ትከሻ ቢጠበው
ኮቱ ነው ወይስ ትከሻው፣ ጥፋተኛው የትኛው ነው?

ኤበር በመንገድ ቋንቋ ፈታው፦
«ስኳር ማንደዴን ካቆምኩ ስብ ነው የማነድ።
ስቡን የሚያመላልስ ጫኝ አይበዛም ወይ በመንገድ?
መኪና በዛ ማለት፣
ግጭት ነው፣ ወይስ የገበያ ዕለት?»
ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
«ሠላሳ ዓመት ነድተሃል፤ የገበያ ቀንስ፣ ኤበር፣
ግጭት አይበዛም ነበር?»
ዝም አለ። እጁ በአየር ላይ የሌለ መሪ ያዘ።

አባቴ ያለ ኮከብ ሞተ። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤
በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ የጫማውን ክር ሲያስር።
የአክስቴ ባል ኮከቡን ተሸክሞ ሰማንያ ሰባት ደፈነ።
ይህ ማስረጃ አይደለም፤ የለቅሶ ቤት ወሬ ነው፣
ለቅሶ ቤት ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው።
አንዱ «ቁጥሩ ውሸት ነው» ይላል፣ አንዱ «ቁጥሩ ሞት»።
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸትም ሞትም አልጻፍኩበት።

«ሞንቴቪዴዮ ሂድ» አልኩት፣ «የልብህን ቧንቧ ያንሱልህ፤
ኖራ ይዞ እንደሆን ይታያል። ዶክተሩንም አታኩርፈው፣ ስለ ልጅህ።»
ወረቀቱን አራት አጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ከተተ።

ሲሄድ በሩን ቆለፍኩ።
ከመጋቢት ወዲህ እኔም ዳቦ አልቀመስኩም፤ ለማንም አልነገርኩ።
ግራ ክንዴን አስሬ በቀኜ ወጋሁ።
ስም በሚለጠፍበት ላይ ምንም አልጻፍኩ።
ማሽኑ ይሽከረከራል።
ሲቆም መጀመሪያ የማየው ቀለሙን ነው።
ኮከቡን፣ ካለ፣ ነገ።