ንጉሡ ሠ

ዲማ ቅኔ ቤት ነው የቀረው ግማሽ ልቤ፣
መሪጌታ መባል ነበር ያኔ ሐሳቤ፤
ሆድ መለሰኝና ገብቼ ከቡሬ፣
ፊደል እለቅማለሁ እንደ ዶሮ ጥሬ።
ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከግንቡ አጥር ጥግ፣
ለከሳሽ እጽፋለሁ፣ ለተከሳሽ፣ ለሕግ።

ሕግ ስል ሳጅን ላቀው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ
በእጁ የሞነጨረው ረቂቅ ሁሉ
በኔ ጣት ነው ያለፈ።
አራት ነጥብ አይበቃው፣ ስድስት አድርጎ ይጨርስ፣
እሳቱ ሰ ባለበት ንጉሡን ሠ ያነግሥ፣
«ግለሠብ» ይላል ሁልጊዜ፤ እኔ ዝም ብዬ ስመልስ።
ሰብ ማለት ሰው ነበር።
መምህሬ ቢያዩት፣ ጭራቸውን አስቀምጠው፣
«ይህስ ሰውን መጻፍ አልተማረም» ባሉ፣ ተክዘው።

ፈንታነሽ መጣች፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣
በርበሬ ያቀላው እጇ ትንሽ ሲርድ።
«የልጄ ባጃጅ ታስሮ ዘጠኝ ቀን ቆመ፣
ሦስት ሺህ ሰጠሁት፤ ደረሰኝ ስለው ከንፈሩን ገጠመ።»
ጻፍኩላት። ጉርድ ፎቶዋን ከጥጉ አስተካክዬ፣
ሁለት ጊዜ በስቴፕለር ነክሼ፣ «አይፍሩ፣ ይግቡ» ብዬ።

ዓርብ ማታ ስልኬ ላይ፣ ያው «የቡሬ ንስር»፣
ስም የለው፣ ፊት የለው፣ ክንፍ ብቻና ጥፍር።
«ተጠንቀቁ! ይህች ግለሠብ ሸክላ ወቅጣ
በርበሬ ላይ ትደባልቃለች፣ ልጇም ሌባ ነው፡፡፡»
ከሥሩ የሰው ስድብ፣ እንደ ጎርፍ ተከማችቶ።
ፎቶዋን በሁለት ጣት ስስበው፣ ሳሰፋ፣
ከጥጓ ላይ የኔው ንክሻ፣ አራት ቀዳዳ፣ ሳይጠፋ።

በገበያው ቀን ወጣሁ። ቡሬ በበርበሬ ሲያስነጥስ፣
ሰው ሁሉ ከፈንታነሽ ፊት ሲደርስ
መንገድ ይለውጣል። አንዲት ደንበኛዋ ብቻ ቆማ
ቆንጥራ በጥርሷ አኘከች፣ አሸዋ እንደሁ ልትሰማ።
ፈንታነሽ አላለቀሰችም።
ባዶውን ሚዛን ጠረገች፣ ደጋግማ።

ማክሰኞ ሳጅን መጣ፤ ሻይ አዘዘልኝ ደግሞ።
«ገጹን አጣራ» ተብሎ፣ እሱው ራሱ ተሹሞ!
ረቂቁን ዘረጋ፦
«በተደረገው ክትትል
ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ግለሠብ
ለይቶ ማወቅ አልተቻለም፡፡፡»
ሻዩ ቀዘቀዘ።
«እንደ ልማድህ አስተካክልልኝ» አለ፣
ስልኩን እየነካካ፣ ለብቻው ፈገግ እያለ።

ቅኔ ቤት ብቆይ ኖሮ፣
ስሙን ከሰሙ ሥር ቀብሬ፣ ወርቁን ለሚገባው በተውኩ፤
እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ሦስት ልጅ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፤
ጮኬም አልወጣሁ፣ አልጮህኩ።
ያደረግሁት ይህን ነው፦
አላረምኩም።
ንጉሡን ከዙፋኑ አላወረድኩም።
ስድስቱን ነጥብ እንዳሉ፣ ግለሠቡንም እንዳለ
አተምኩት። ፈረመ። ማኅተሙን አሳረፈ፣ እየተቻኮለ።

አንዱን ቅጂ ይዞ ሄደ።
ሌላው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣
ከፈንታነሽ ማመልከቻ ጋር፣ ጥግ ለጥግ
ተነክሶ።
አንድ ቀን ፊደል የለየ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ፣
መሳቢያው አይቆለፍም፤
ቁልፉ ድሮም ጠፍቶብኛል።