የአጥንት ሸክላ

ሌኒንግራድ፣ ክረምት፣ ኔቫ የጠጠረበት፣
ዜማ እንደ ኮንትሮባንድ በጨለማ የሚሸጥበት፤
የባሕር ማዶው ጊታር፣ ያ ጯሂ፣ ያ ባለጌ፣
ሱቅ አይገባም፤ እኔ ጋ ነበር፣ በካፖርቴ እጅጌ።

ሸክላው ከየት ይምጣ? ሰሙስ ከየት ይገኝ?
የሆስፒታሉ ዘበኛ በአንድ ጠርሙስ ቮድካ ጓዳውን ከፈተልኝ፤
የራጅ ፊልም በክምር፦ የተሰበረ ክርን፣
የጎበጠ አከርካሪ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ጎን።

አንድ ደረት ሁለት ሸክላ ይወጣዋል፣ ለብልህ መቀስ፤
መሐሉን በሲጋራ ጫፍ፣ እስኪሸት፣ እስኪጤስ፤
መርፌው እያረሰ ይሄዳል፣ አጥንት ካጥንት ሳይለይ።
እኔ ስም አላነብም ነበር። ዕዳ አለብኝ ወይ?
ንግድ ነው። ሦስት ሩብል፣ ለተማሪ ሁለት፤
ሻጭ ያየውን ፊት ሁሉ ቢያስብ መቼ ይተኛል ሌሊት?

ሪማን ግን አልረሳም፤ በትራም ቲኬት የምትቆርጥ፣
ጓንቷ ሁለት ጣት ያጣ፣ ዓይኗ ግን የሚያፈጥጥ።
«የሚያስጨፍር ስጠኝ» አለች፤ ሰጠኋት ጠቅልዬ፣
ሄደች በድልድዩ ሥር። ረሳኋት፣ አለቀ ብዬ።

በአራተኛው ቀን መጣች።
ተንኮሻኮሸ ልትል ነው፣ ገንዘቤን መልስ ልትል፤
(በዘይት እንዳለ ዓሣ ሳይንጫጫ የሚዘፍን የለም፣ ከኔ ሸክላ መሐል።)
እሷ ግን ምንም ሳትል፣ ከመንገዱ መብራት ፊት
ፊልሙን ከፍ አደረገችው፤ ነጭ ጎድን፣ ጥቁር ክፍተት፤
ከዳር፣ መቀሴ የማረው፣ በቀለም የተጻፈ፦
«ላፕሺና ዬ.፣ ግራ ሳንባ»፤ ዓመቱ የተገደፈ።

«እናቴ ናት» አለችኝ።
«የአጥንቴ ፍላጭ ትለኝ ነበር፣ የሥጋዬ ቁራጭ፤
ዛሬ አንተ ነህ ቆራጩ፣ አንተ ነህ የአጥንቷ ሻጭ።»

ምን ይባላል? «ልለውጥልሽ» አልኩ፣ «ሌላ፣ ያማረ፣
የማንም ያልሆነ ጉልበት…» አፌ ተሳሰረ።
ሳቀች። እውነት ሳቀች። «ስንት ጊዜ ይጫወታል?»
«አሥር… ቢበዛ አሥራ ሁለት። ከዚያ መርፌው ይፍቀዋል።»
«ሰባቴ አጫውቻታለሁ፤ ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ጨፍሬ።
ሳል የለም። ጊታር ብቻ። ያ ሳንባ አረፈ ዛሬ።»

ካፖርቷ ውስጥ፣ በግራዋ በኩል፣ ቀስ ብላ ከተተች፤
ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ቆማ፣ ፊቷን መለሰች፦
«ቀኙስ? ቀኙ ሳንባ አለህ?»

በረዶው ይወርድ ነበር። ውሸት ፈለግሁ፣ አጣሁ።
ቀኙን ማክሰኞ ዕለት ለአንድ መርከበኛ ሸጬዋለሁ፤
ሌላ ዜማ ነው ያለበት፣ ሳክስፎን የሚያብድበት፤
ሙርማንስክ ወደብ፣ ጠባብ ክፍል፣ እኩለ ሌሊት፣
የማያውቃት ጎረምሳ ወለሉን ይረግጣል በሷ ምት።

ያን ሌሊት ክምሩን ገለበጥኩ፣ አንድ ባንድ እያየሁ፤
ስም። ስም። ስም።
ከዚያ ወዲህ መቀሱን ከስሙ ዞር አድርጌ እይዛለሁ።