ዐይን ታስሮ

ሠላሳ ክረምት ሙሉ በሳስካችዋን ሜዳ
ቢጫውን አውቶቡስ በበረዶ ስትነዳ፣
ሎርና አንድም ልጅ አልወደቀባት።

ዛሬ ለዘጠኝ ሰከንድ፣ ለአራት መቶ ሜትር፣
ፊቷ ተገተረ የወረቀት አጥር።

ሐኪሙ ልቧን ሰምቶ፣ አመንትቶ ፈረመ፤
የራስ ቁሯ ጊዜው አልፎ ጉዳዩ አንድ ወር ከረመ።
የመኪናዋ መድን በደብዳቤ እንዲህ አላት፦
«እስከ ሜዳው በር ድረስ መኪናሽ ዋስ አላት፤
ከበሩ ወዲያ ግን ብትጋጭ፣ ብትነድ፣
አናውቅሽም፣ ወይዘሮ።
ከአክብሮት ጋር።»
ፊርማ። ማኅተም።

የአንድ ቀን ዋስትና ከሌላ ቤት ገዛች፣
ለጎማ ያኖረችውን እዚያው ላይ ጨረሰች።

በመጨረሻ ኦርቪል፣ ሽማግሌው ተቆጣጣሪ፣
ዘይት በጠጣ ጨርቅ ዐይኗን አሰረው።
«ጭስ ውስጥ ዐይን የለም፤ እጅሽ ይወቅ» አላት።
«እሳት ማጥፊያው?»
ነካች።
«ፓራሹቱ?»
ነካች።
«የቀበቶው መፍቻ? የሞተሩ ማጥፊያ?»
ነካች፣ ነካች።

ከዚያ ግን ቀኝ እጇ ወደ ጎን ተዘርግቶ
ባዶ አየር ጨበጠ፣ የሌለ ነገር ሽቶ።
«ምን ፈለግሽ?»
«በሩን» አለች፣ ደንግጣ።
«ልጆቹን ላወርድ ነበር።»

ኦርቪል ጥቂት ዝም አለ፤ ብዕሩን አነሣ፣
«አልፋለች» ብሎ ጻፈ፤ ጨርቁን መፍታት ረሳ።