የለፋ

ቡሬ መናኸሪያ ጀርባ፣ ላቫጆው ውስጥ፣ በገበያ ማግስት፣
የአቶ አለኸኝ መኪና ገባች፤ ወንበሯ ቆዳ፣ መልኩ የሰፈፍ ዓይነት።
«ውሃ እንዳታበዛ፣» አለኝ፤ «ቆዳ ነው፣ ይሰነጠቃል።»
ቆዳ ምን እንደሚጠማው እጄ ከሱ በፊት ያውቃል።

አቧራውን ከስፌቱ በለስላሳ ብሩሽ አወጣሁ፤
በእርጥብ ጨርቅ አብሼ፣ በጥላ አናፍሼ፣ ቅባቱን በመዳፌ አጠጣሁ፤
ቀስ እያልኩ፣ በክብ በክብ፣
አባቴ በጉሎ ጀንዲ ሲያለፋ እንዳየሁት፣ ላቡ ቆዳው ላይ ሲንጠባጠብ።

ያን ጀንዲ የአቶ አለኸኝ አባት ተኛበት ዕድሜውን ሙሉ፤
አባቴ ግን ሂሳቡን ከአጥር ውጭ ተቀበለ፣ «ፋቂ ቤት አይገባም» ሲሉ።

ጨርሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አንዴ ወንበሩን ተደገፍኩ።
መጥቶ ዳብሶ «ለፋህ!» አለኝ። «የለፋስ እሱ ነው፣» አልኩ።
ቆዳውን ያልኩ መሰለው፤
ሃምሳ ብር ጨመረልኝ፣ በመስኮቱ፣ እጄን ሳይነካው።